ሲሞቅ ይጠብቃል

አጥብቄ ያሰርኩት ብሎን፣ ማንም ሳይነካው አድሮ፣ ጠዋት ዳገት ላይ ለምን ይላላል?

በ1962 ዓ.ም.፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ሱሉልታ ላይ ከዚህ ጥያቄ ጋር እተኛ፣ ከዚሁ ጥያቄ ጋር እነሳ ነበር። ቼኮዝሎቫኪያ ሰባት ዓመት ተቀምጬ፣ የመካኒካል ምሕንድስና ዲግሪ ይዤ የተመለስኩ ሰው ነኝ። አንድ ተርባይን በደቂቃ ስንት ጊዜ ሲሽከረከር ምላጩ እንደሚሰበር ወረቀት ላይ አሰላለሁ። የአባቴን መኪና ዲናሞ የያዙትን ሁለት ብሎኖች ግን ሁለት ቀን አጥብቄ ማቆየት አቃተኝ።

አባቴ ወንዳፍራሽ ጀርባዋ በሸራ የተሸፈነ አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ነበረችው። ጎህ ሳይቀድ የሱሉልታን ወተት ሻጮች ከነቢዶናቸው ይጭንና እንጦጦን ተሻግሮ፣ ፀሐይ ሳትበረታ አራዳ ያደርሳቸዋል። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን መንገድ ላይ ሰው ጥሎ አያውቅም። ይህን እሱ ራሱ አይናገረውም። ወሬው ወደዚያ ሲያመራ ግን ዝም ይልና ሌላ ሰው እንዲናገርለት ጊዜ ይሰጣል። ሁልጊዜም የሚናገርለት አይጠፋም።

የዲናሞው ነገር እንዲህ ነው። በሞተሩ ጎን በአንድ መያዣና በሁለት ብሎን ታስሯል። ብሎኖቹ ከላሉ ዲናሞው ወደ ሞተሩ ይጠጋል፤ የሚያዞረው ቺንጋም ይረግባል። በዚህች መኪና የውሃውን ፓምፕ የሚያዞረውም ያው ቺንጋ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ባትሪው እንደማይሞላ የሚያስጠነቅቀው ቀዩ መብራት ይበራል፣ ቀጥሎ ውሃው ይፈላል፣ ከዚያ መኪናዋ ትቆማለች። የምትቆመው ደግሞ ሌላ ቦታ ሳይሆን እንጦጦ ዳገት መሐል ላይ ነው።

ብሎኖቹን በመጀመሪያ የፈታኋቸው እኔ ነኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከኔ በፊት ኦቦ ዳዲ የሚባል የቡራዩ መካኒክ ነበር ያሰራቸው። በጣሊያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ዕቃ አቀባይ ሆኖ የጀመረ፣ የማንንም ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ፣ ፊደልንም በራሱ የለየ ሰው ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት በነበረው ዓመት የቡራዩን ቤቱን ዘግቶ፣ ልጁ ወደተዳረችበት ወደ ሰበታ ሄደ። እሱ ያሰራቸው ብሎኖች አንድ ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላሉም። እኔ መጥቼ ኮፈኑን ከፈትኩና ቺንጋው አርጅቷል አልኩ። ቺንጋው በእርግጥም አርጅቶ ነበር። ፈታሁ፣ ቀየርኩ፣ አሰርኩ።

ያን ዕለት በኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ በነጭ ቀለም በብሩሽ የተጻፈ ነገር አየሁ። ፊደሎቹ ትልልቅና ዘንበል ያሉ ናቸው።

ብሎን
ሲሞቅ ይጠብቃል
ዳዲ

በዓይኔ አነበብኩትና ፈገግ አልኩ። የ«ይጠብቃል»ን «ብ» አላልቼ ነው ያነበብኩት፤ ሲሞቅ የሚጠብቅ ብሎን። አማርኛ ለኦቦ ዳዲ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ አሳጥሮት ይሆናል ብዬ ሞላሁለት። ብሎኑ የሚጠብቀው በሙቀት ከሆነ፣ የማጥበቂያው ሰዓትም ሞተሩ እንደጋለ ነው ማለቱ መሰለኝ። ለአባቴም እንዲያ ብዬ አስረዳሁት።

«ከሥራ እንደተመለሱ እኔ አጠብቀዋለሁ፤ በትኩሱ» አልኩት።

አባቴ ጽሑፉን አየ፣ እኔን አየ፣ «አንተ ታውቃለህ» አለ።

ከባሕር ማዶ ያመጣሁት ልዩ ቁልፍ ነበረኝ፤ ብሎን ምን ያህል ኃይል እንደያዘ በመርፌ የሚያሳይ። በቀይ ጨርቅ ጠቅልዬ ነበር የማስቀምጠው። አባቴ ጎረቤት ሲመጣ «እስቲ ያቺን የምትቆጥረዋን ቁልፍ አሳያቸው» ይለኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ግቢ እንደገባች፣ ሞተሩ ገና ሲንጣጣ ኮፈኑን እከፍታለሁ፤ መርፌው ልክ ቦታው እስኪደርስ እስባለሁ።

የመጀመሪያው ሰኞ ዕለት ዳገቱ ላይ ቀዩ መብራት በራ። እኔ አባቴ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። መኪናዋ በእንፋሎት ተሸፍና ስትቆም ከኋላ ሸራው ተገለጠና ገለቴ ራሷን አወጣች። ገለቴ የወተት ሻጮቹ አፍ ናት። ስድስቱም የሚሉትን እሷ ናት የምትለው።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንጂነር!» አለችኝ፤ እንዴት አደርክ ማለቷ ነው። «ደረስን እንዴ? አራዳ ዛሬ ባሕር ዛፍ በቅሎበታል።»

«ትንሽ ነው፣ እትዬ ገለቴ። ውሃ እንጨምርበትና እንሄዳለን።»

«ውሃ ከሌለ ግን ወተቴን እንዳታይ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያስተማሩህ መኪና ማቆም ነው?»

ጠጅቱ የምትባለው ከውስጥ ሆና «ማቆሙንስ አሳምሮ ያውቃል፤ ማስነሳቱን የሚያስተምሩት በስምንተኛው ዓመት ይሆናል» አለች፤ ሸራው ውስጥ ሳቅ ሆነ። አባቴ አልሳቀም። መሪውን እንደያዘ ወደ ፊት ያያል።

ብሎኖቹ በጣት የሚዞሩ ሆነው አገኘኋቸው። እዚያው ዳገቱ ላይ፣ እጄን እያቃጠለኝ አጥብቄ አሰርኩ። ዘግይተን ደረስን። ሁለት ቢዶን ወተት ረግቶ ተመለሰ።

ማታውን መጻሕፍቴን ዘረጋሁ። በማግስቱ ጥርስ ያለው ሮንዴላ፣ ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ቀለበት፣ ከሥር አስገባሁ። ለእያንዳንዱ ብሎን ሁለት ዳዶ፣ አንዱ ሌላውን እንዲቆልፍ፣ ደራርቤ አሰርኩ። ይህን ሁሉ የሠራሁት መኪናዋ እንደተመለሰች ነው። መርፌው ልክ ነው አለ። መኪናዋ ማክሰኞና ረቡዕ እንደምንም ተሻገረች። ሐሙስ ቆመች፤ ያው ኩርባ ላይ፣ ያው ባሕር ዛፍ ሥር።

በዚያ ሐሙስ ገለቴ አልቀለደችም። ከመኪናው ወርዳ ነጠላዋን አስተካክላ በአባቴ በር በኩል ቆመች።

«ጋሼ ወንዳፍራሽ፣ አንቱን እናከብራለን» አለች። «ልጄን የወለድኩ ጊዜ ሐኪም ቤት ያደረሱኝ አንቱ ነዎት። ግን ወተት አክብሮት አያውቅም፣ ይረጋል። ሾፌሩ ቦጂያ አዲስ መኪና አምጥቶ ኑ እያለን ነው። እኛ እስከ ዛሬ እምቢ ብለናል። ከዛሬ በኋላ አንዲት ቀን ከቆመች ግን ይቅር ይበሉን፣ እንሄዳለን።»

አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ከዚያ «አንቺ ምን ታደርጊ» አለ። «ከዛሬ በኋላ አንድ ጊዜ ከቆመች እኔም የመኪናዋን ቁልፍ እሰቅላለሁ። ሰው መንገድ ላይ ጥዬ ሾፌር ነኝ አልልም።»

እንደሚያደርገው አውቅ ነበር። አሥራ አራት ዓመት የገነባውን ስም እኔ በአራት ቀን ከሁለት ብሎን ጋር አላላሁት። ያን ዕለት በጉለሌ በኩል ስንወርድ ስለ ራሴ ብዙ መጥፎ ነገር አሰብኩ። በባዕድ አገር ክረምት፣ በማይገባኝ ቋንቋ እያነበብኩ፣ ዕውቀት ነው ብዬ የሰበሰብኩት ሁሉ ለዚህች ለአንዲት ዳገት ካልሆነ ለምን ሆነ? ወይስ ከመጀመሪያውም አላወቅኩም ነበር?

ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ግቢ ስትገባ፣ ቀዩን ጨርቅ ፈትቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። አባቴ ወርዶ መጣና እጁን በቁልፉ ላይ አኖረ።

«ተወው» አለኝ።

«ምኑን?»

«አስቀምጠው። ትንሽ እንቀመጥ።»

«አባባ፣ አሁን ካላጠበቅኩት እኮ ነገ—»

«ዳዲ ቢሆን አሁን ተቀምጦ ነበር።»

ተናደድኩ። «ኦቦ ዳዲ ሥራ አይወድም ነበር ማለት ነዋ!»

«ዳዲ?» አባቴ ከልቡ ሳቀ። «ከዚህ ተነስቼ፣ ከተማውን አቋርጬ ቡራዩ ስደርስ፣ መጀመሪያ መዳፉን ኮፈኑ ላይ ያደርጋል። ‹ገና ነው› ይልና ገበጣውን ያወጣል። ሦስት ጊዜ ያሸንፈኛል። እንደገና መዳፉን ያደርጋል። ‹አሁንም ገና ነው›። ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት። እኔ እኮ ጨዋታ ስለሚወድ ነው የሚመስለኝ። እኔም ስለምወድ አልጠየቅኩትም። ይኸው ጽፎልሃል አይደል?»

«የት?»

ወደ ኮፈኑ ውስጥ ጠቆመ። አባቴ የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ነው፤ ያለ ድምፅ ማንበብ አያውቅም። ጣቱን ከፊደል ወደ ፊደል እያስኬደ አነበበ። «ብሎን። ሲሞቅ፣ ይጠብቃል፣ ዳዲ።»

«ብ» ላይ ሲደርስ ከንፈሮቹን ገጥሞ ቆየ። አጥብቆ አነበበው። ብሎኑ የሚጠብቅ ሳይሆን፣ ሰውዬው እስኪበርድ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ።

ቁልፉን ቀዩ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩ።

«እንደገና ያንብቡት» አልኩት።

«ሲሞቅ ይጠብቃል፣ ዳዲ። ዳዲ ይጠብቃል ማለት ነዋ፤ ስሙን አስቀምጦልሃል። እኔማ የመጀመሪያ ዕለት አንተ ሌላ አድርገህ ስታነበው፣ የተማረ ሰው ነው፣ ሌላ ምሥጢር አግኝቶበት ይሆናል አልኩ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተን እኮ እንድታስተምረኝ ነው የላክሁህ» አለ፤ ምንም ቅሬታ በሌለበት ድምፅ።

ከዚያ ወዲያ እጄ ራሱ ሠራ። ማሰቤን አላስታውስም። በቤንዚን የተነከረ ጨርቅ ወስጄ ዲናሞውን የያዘውን መያዣ ጠረግሁ። ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ ከቀለሙ በላይ የዓመታት ዘይትና አቧራ ተጋግሯል። እኔ ብረት ነው ብዬ ሒሳቤን ሁሉ የሠራሁት በዚህ ቀለም ነው። በሞረድ ጫፉን ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ነጭ ሆኖ ወጣ። አሉሚኒየም ነው።

«ይህ ከመኪናዋ ጋር የመጣ አይደለም» አልኩ።

አባቴ ወደ ቤቱ በር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዋናው በሃምሳ አንድ ዓ.ም.፣ ሰው ሳልጭን፣ ጫንጮ መንገድ ላይ ተሰበረ። ከተማ ውስጥ መለወጫ ጠፋ። ዳዲ ‹ነጭ ድስት አምጣልኝ፣ አቅልጬ አወጣልሃለሁ› አለኝ። በአሸዋ ቅርጽ ሠርቶ ነው ያፈሰሰው።»

«የማንን ድስት?»

«ቀስ በል! የእናትህን ነዋ። እስከ ዛሬ ለጎረቤት አውሳው የቀረ ነው የሚመስላት።»

የመያዣውን ሆድ በጣቴ ስዳስሰው የሆነ ነገር ሻከረኝ። ጠርጌ አየሁት። ሲፈስ አብሮ የወጣ አንድ ፊደል ነበር፤ «ዳ»። ማንም በማያየው በኩል፣ ሥራውን ያወቀ ሰው ለራሱ ያኖረው ምልክት። በተማርኩበት አገር ፋብሪካዎች ውስጥ ስንት ማኅተም አይቻለሁ፤ እንደዚያች ፊደል ደረቴን የሞላኝ ግን የለም። የእኔን አገር ሰው፣ የተሰበረ መኪናና የቤት ድስት ይዞ፣ ሊሠራ የማይችል የሚመስለውን ሠርቶ፣ መኪናዋ አሥራ አንድ ዓመት እንጦጦን እንድትሻገር ያደረገውን ሰው በዚያች ፊደል አየሁት።

ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በአንደኛ ዓመት ተፈትኜበት አልፌያለሁ። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ይበልጥ ያብጣል፤ ሲቀዘቅዝ ከብረት ይበልጥ ይሰበሰባል። ብሎኖቹ ብረት ናቸው፣ መያዣው አሉሚኒየም። እኔ መያዣው በሙቀት አብጦ ሳለ አጠብቃለሁ። ሌሊት የሱሉልታ ብርድ ይመጣል፤ መያዣው ከብሎኑ ሥር ይሸሻል። ጠዋት ኮረኮንቹ መንገድ ቀሪውን ይጨርሳል። ዳገቱ ላይ ስንቆም ደግሞ፣ ያው ትኩስ ሞተር ላይ፣ ያንኑ ስሕተት እደግመዋለሁ። ቁልፌን ያነሳሁት ሁልጊዜ በሙቅ ነበር።

«ስለዚህ?» አለ አባቴ።

«ስለዚህ እንቀመጣለን።»

በርጩማ አወጣንና መኪናዋ ፊት ተቀመጥን። ገበጣ አልነበረንም። አባቴ ስለ ዳዲ አወራኝ፤ በወሬው መካከል እየተነሳ መዳፉን ኮፈኑ ላይ ያኖራል። «ገና ነው» ይላል፤ ሲለው ድምፁ የዳዲን ለመምሰል ይሞክራል። ከሰባት ዓመት በኋላ ከአባቴ ጋር ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩት ያን ጊዜ ነበር። ሥራ ፈትቼም አልነበረም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መዳፉን አኖረና ዞሮ አየኝ። «በል።»

ሁለተኞቹን ዳዶዎች አወጣኋቸው፤ አያስፈልጉም። ቺንጋውን በአውራ ጣቴ ተጭኜ ለካሁ፣ አሰርኩ። የምትቆጥረዋን ቁልፍ አልተጠቀምኩም፤ የዳዲን ዓይነት ተራ ቁልፍ ይዤ፣ አባቴ «በቃው» ባለኝ ቦታ አቆምኩ። ስሕተት ሊሆን ይችላል ብዬ ደግሞ ፈራሁ። እኔ ምንም ነገር ሳልጠራጠር ማሰር አልችልም።

ዓርብ ጠዋት ሴቶቹ ያለ ወሬ ተሳፈሩ። ቦጂያ አዲሷን መኪናውን ወደ መንገዱ ዳር አውጥቶ፣ በሩ ላይ ተደግፎ ያየን ነበር። አባቴ ሲያልፈው ባርኔጣውን ነካ አደረገለት።

ዳገቱን ጀመርን። አባቴ ማርሽ ቀነሰ። እኔ ከመብራቱ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። የባሕር ዛፉ ኩርባ መጣ። ከኋላ ማንም አይናገርም፤ የቢዶኖቹ ክዳን ብቻ ይንኳኳል። መብራቱ አልበራም። ኩርባው አለፈ። ሁለተኛው ኩርባ አለፈ። ጫፉ ላይ ስንወጣና ከተማው ከጭጋጉ ሥር ብቅ ሲል፣ ሸራው ውስጥ ገለቴ እልልታዋን ለቀቀችው፤ አምስቱ ተቀበሏት።

«ጋሼ ወንዳፍራሽ!» ብላ ጮኸች። «ኢንጂነሩ ስምንተኛ ዓመቱን ጨረሰ!»

አባቴ አልመለሰላትም። ዝም ብሎ ጊዜ ሰጣት።

«በአሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን ሰው ጥለው አያውቁም!» አለች እሷ ደግሞ፤ ይህን ጊዜ ነው ፈገግ ያለው። ሰኞም ሐሙስም ቆመናል፤ ግን በመጨረሻ ሁለቱንም ቀን አድርሰናቸው ነበርና አባቴ እንደ መጣል አልቆጠረውም። እኔም አላረምኩትም። እሱ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ ንጉሥ አሳፍሮ የሚነዳ ይመስል ቁልቁለቱን ሲይዝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በሰው የኮራሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

ማታ እናቴ የሺወርቅ ነገሩን ሰማች። ኮፈኑን አስከፍታ፣ ፋኖስ አስይዛ መያዣውን አየችው።

«ድስቴ አሥራ አንድ ዓመት አራዳ ሲመላለስ ኖሯል» አለች፤ «እኔ እዚህ ጓዳ ተቀምጬ።»

ከዚያ ወዲህ ብሎኖቹ አልላሉም። አንድ ነገር ግን አልለቀቀኝም። ከቀናት በኋላ፣ መኪናዋ ከአራዳ ስትመለስ፣ ሞተሩ እንደጋለ ብሎኖቹን ሞከርኳቸው። በብርድ ሳስራቸው ከነበሩት ይልቅ ጠብቀው ነበር። በእርግጥ ነው፤ መያዣው ሲያብጥ ብሎኑን ይወጥረዋል። በቀዝቃዛው ከታሰረ፣ ሲሞቅ ይጠብቃል። «ብ»ን አላልተው ቢያነቡትም እውነት ነው። የአባቴ ንባብ እንዴት እንደሚታሰር ይናገራል፣ የእኔ ደግሞ እንዲያ ሲታሰር ምን እንደሚሆን። አማርኛው ተሳስቷል ብዬ የናቅሁት ሰው፣ በሁለት ቃል ሁለቱንም ብሎ ነበር። አውቆ ነው ወይስ እንዲሁ ገጥሞለት? በጊዜው ኮፈኑ ላይ ብዙ ቦታ ነበረው፤ ጨምሮ መጻፍ ይችል ነበር።

በሰኔ መጀመሪያ ለኦቦ ዳዲ ደብዳቤ ጻፍኩ። አራት ጊዜ ቀድጄ አምስተኛውን አስቀረሁ።

«ይድረስ ለኦቦ ዳዲ፤ ሰበታ። ጤና ይስጥልኝ። የወንዳፍራሽ ልጅ አሥራት ነኝ። ያሰሩትን ብሎን ፈትቼ በማላላቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። አሁን በእርስዎ መንገድ ታስሯል፤ አልላላም። ‹ዳ›ን አይቻታለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ ኮፈኑ ላይ በጻፉት ቃል ውስጥ ‹ብ› ይጠብቃል ወይስ ይላላል? በሚመችዎ ቀን ይመልሱልኝ።»

ደብዳቤውን የሰበታ መስመር ሾፌር ለነበረው ለዱቤ ሰጠሁት። በሳምንቱ አራዳ ላይ አገኘሁት።

«በእጁ ሰጠሁት» አለኝ። «ቆሞ አነበበው። ሁለት ጊዜ አነበበው። ሳቀና ኪሱ ከተተው።»

«ምን አለ?»

«ምንም አላለም። ‹ገበጣ ትጫወታለህ?› አለኝ።»

ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ። መልስ አልመጣም።